ሞተሩ ሲወጣ የሰማሁት ድምፅ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ጀልባዬ ነው። ጀልባ ምኔ ነው የምትሉም ትንሽ ታገሱኝ።

ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ናት፣ ስምንት ሜትር ገደማ። ሆዷ ውስጥ ያረጀ የናፍጣ ሞተር ነበራት። ነፋስ ሲጠፋና ወደብ ስገባ ስወጣ የምጠቀምበት። ጠዋት ሞተሪኖው ያቃስታል፣ ከዚያ ጭስ፣ ከዚያ እንደ ወፍጮ ቤት መንዷዷት። ትራሱ፣ ብርድ ልብሱ፣ ዳቦው ሳይቀር ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። የማቀዝቀዣው ፓምፕ ለሦስተኛ ጊዜ ሲበላሽ በቃኝ አልኩ። በኤሌክትሪክ ልቀይረው ወሰንኩ።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ ታዲያ። እ.ኤ.አ. በ1838 ሞሪትዝ ያኮቢ የሚባል ሰው ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ፣ ኔቫ ወንዝ ላይ፣ በባትሪ የሚሄድ ጀልባ ሰው አሳፍሮ ነድቷል። የናፍጣ ሞተርን የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል ያኔ ገና አልተወለደም።

ማውጣቱ ቀላል ነው። አራት ቡሎን፣ ጥቂት ቱቦ፣ አንድ ማንሻ ሰንሰለትና ብዙ እርግማን። ከመቶ ኪሎ በላይ ብረት ወጣ። ከሥሩ የቀረው የዓመታት ቅባት የተጋገረበት ጉድጓድ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተንበርክኬ ፈገፈግኩት። ይሄን ሥራ ማንም አይነግራችሁም፣ ከሁሉም የሚከፋው ግን እሱ ነው።

አዲሱን ሞተር ብቻዬን አንስቼ አስቀመጥኩት። የፕሮፔለሩን ዘንግ የሚያዞረው በቺንጊያ ነው። ሞተሩ በፍጥነት መሽከርከር ይወዳል፣ ፕሮፔለሩ ደግሞ ውሃውን ደህና አድርጎ የሚገፋው ረጋ ብሎ ሲዞር ነው። ሞተሩ ሁለት ዙር ሲዞር ዘንጉ አንድ ይዞራል።

ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ነው። 16ቱን በተከታታይ ስታያይዟቸው 51.2 ይመጣል፣ በልማድ ግን 48 ቮልት ይባላል። የኔ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። 48 ቮልት ሲሉት የዋህ ይመስላል። መፍቻ ከእጃችሁ አምልጦ በሁለቱ ጫፎች ላይ ቢጋደም ግን እንደ ብየዳ ነው የሚያደርገው። መፍቻዎቼን ሁሉ በፕላስተር ጠቀለልኳቸው፣ ቀለበቴንም አወለቅኩ። ዋናውን ፊውዝ ደግሞ ከባትሪው አፍ ላይ አድርጉት። ራቅ ካለ፣ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ካቦ የሚጠብቀው የለም።

እና የመጀመሪያው ቀን። ማዞሪያውን ትንሽ ገፋ አደረግኩት። ጀልባዋ ያለ ምንም ድምፅ ተነሳች። ውሃው ከጎኗ ሲንሿሿ ይሰማኛል። ደስታዬ አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ጓ። ጓ። ጓ።

ከኋላ፣ ከወለሉ ሥር ነው የሚመጣው። ልቤ ቀጥ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አይደል የሚባለው? ቺንጊያውን የገጠምኩት እየመሸ፣ በጥድፊያ ነበር። ተመልሼ ፈታሁት፣ አስተካከልኩት፣ እንደገና አጠበቅኩት። ድምፁ አሁንም አለ። ሁለት ቀን ከፈለግኩ በኋላ ነው ያገኘሁት። ዘንጉ ከጀልባዋ ሆድ የሚወጣበት ቦታ ላይ ውስጡ ጎማ የሆነ ኩሽኔታ አለ። ጎማው አልቋል። እሱ ደግሞ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ ነገር አይደለም። ለዓመታት ሲንኳኳ ኖሯል፣ ናፍጣው እየጮኸ ሸፍኖት ነው እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ያሳፈረኝ ሌላው ነገር ትንሿ ስክሪን ናት። በየሰከንዱ ስንት ዋት እንደምበላ ትነግረኛለች። የናፍጣ ታንከር እንዲህ አያጋልጥም። ጀልባዬ በሰዓት 3 የባሕር ማይል ስትሄድ 650 ዋት ገደማ ትበላለች። በ4 ማይል 1500። በ5 ማይል 3000። ውሃ እንዲህ ነው፣ ፍጥነታችሁን እጥፍ ካደረጋችሁ ጉልበቱን ስምንት እጥፍ ይጠይቃችኋል። እኔ ግን በናፍጣው ዘመን ሁሌ ወደ ጥጉ ነበር የምገፋው። የምደርስበት ምንም አጣዳፊ ጉዳይ ሳይኖረኝ!

ለነገሩ ናፍጣ ለጋስ ነው። አንድ ሊትር ውስጥ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት አለ፣ የኔ ባትሪ ሙሉውን የሚይዘውን ያህል ማለት ነው። ሦስት አራተኛው ሙቀትና ጩኸት ሆኖ ቢቀር እንኳ ስለማይታወቅ ማንም አይቆጥረውም። ኃይለኛ ሞገድ ባለበት፣ ቀኑን ሙሉ በሞተር ለሚጓዝ ሰው ይሄን ለውጥ አልመክርም። በሸራ ስትሄዱ ፕሮፔለሩ እየዞረ ባትሪውን ይሞላል የሚባለውም እውነት ነው፣ ግን እንደኔ ባለች ዘገምተኛ ጀልባ የሚገኘው ፍርፋሪ ነው። እሱን ተማምናችሁ አትውጡ።

ባለፈው ነፋሱ ድንገት ጸጥ አለ። ወደቡ 7 ማይል ይቀራል፣ ባትሪው 38 በመቶ። ድሮ ቢሆን ቁልፉን አዙሬ መንዳት ነበር። አሁን ወረቀት አወጣሁ። በ5 ማይል ፍጥነት ከሄድኩ ከመድረሴ በፊት ያልቃል። በ3 ከሄድኩ ሁለት ሰዓት ከሃያ ይፈጃል፣ ግን ተርፎኝ እደርሳለሁ። ሸራውን ጠቅልዬ በ3 ተጓዝኩ።

መንገድ ላይ አንድ ትልቅ ሰው በጀልባቸው ደረሱብኝ። አዘኑልኝ።

«ልጄ፣ ሞተሩ እምቢ አለ? ልጎትትህ?»

«እየሠራ ነው ጋሼ።»

ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ። አላመኑኝም መሰለኝ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ አለፉ። በ23 በመቶ ገባሁ።

ኩሽኔታውን ቀይሬዋለሁ። ጓ ጓው ጠፍቷል። አሁን ደግሞ ከመሪው አካባቢ ሲጥ የሚል ነገር መስማት ጀምሬያለሁ። ነገ ወርጄ አየዋለሁ። በሉ ደህና ሁኑ።