«አልደረሰንም» ሲሉኝ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀርጸው ከቤት ነው፣ ሐዋሳ፣ አቶቴ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ስለሆነ ድምፁ ሊገባባችሁ ይችላል፣ ታገሱኝ። ለዛሬ ያዘጋጀሁት ሌላ ርዕስ ነበር። ግን ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ፣ እሱን ሳልናገር ሌላ ነገር ማውራት አልሆነልኝም።

ዕቃ ገዛሁ። ዕቃው አልሠራም። መለስኩት። ሻጮቹ «አልደረሰንም» አሉ። ነገሩ ይኸው ነው፣ በአራት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ከገዛሁበት ቀን ገንዘቤ እስከተመለሰበት ቀን ግን 19 ቀን ፈጅቷል፣ እኔም በነዚያ ቀናት ውስጥ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እናቴ ደም ግፊት አለባት። ሐኪሟ «ቤት ውስጥ ጠዋትና ማታ እየለካችሁ መዝግቡልኝ» አለን። ቴሌግራም ላይ አዲስ አበባ ያለ አንድ ሱቅ አገኘሁ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል የግፊት መለኪያ፣ 4,200 ብር። በቴሌብር ከፈልኩ። በማግስቱ በአውቶቡስ ላኩልኝና መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ጥሩ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነው በባጃጅ ወደ ቤት የሮጥኩት። ማታ እማዬን አስቀምጬ ክንዷ ላይ አሰርኩት። ይነፋና ይተነፍሳል፣ ይነፋና ይተነፍሳል፣ ከዚያ ስህተት የሚል ምልክት ያሳያል። በእኔ ክንድ ሞከርኩት፣ ያው ነው። ጆሮዬን ሳስጠጋ ከቱቦው መጋጠሚያ ላይ አየር ሲወጣ ይሰማኛል።

እዚያው ማታ ቪዲዮ ቀርጬ ላኩላቸው። መልሳቸው መልካም ነበር፣ «ይቅርታ ውድ ደንበኛችን፣ መልሺልን፣ ገንዘብሽን እንመልሳለን» አሉኝ። ሐሙስ ዕለት በካርቶኑ አድርጌ፣ በፕላስተር ጠቅልዬ፣ ባሉኝ መሠረት መጀመሪያ በመጣበት የአውቶቡስ ድርጅት በኩል ላክሁት። 150 ብር ከፈልኩ። የዕቃ ማስጫኛው ልጅ ትንሽ ደረሰኝ ቆርጦ ሰጠኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያቺን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬያት ነበር። ስደርስ ብቻ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አውጥቼ ፎቶ አነሳኋት።

ከዚያ ጥበቃ። ዓርብ፣ ቅዳሜ ዝም። ሰኞ ዕለት ጻፍኩላቸው፣ ዝም። ማክሰኞ አንድ መስመር መጣ፦ «እኛ ጋ የደረሰ ዕቃ የለም»። ልኬያለሁ አልኩ። «እርግጠኛ ነሽ ልከሻል?» አሉኝ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ገንዘቡ ገንዘብ ነው፣ 4,200 ብር ለእኔ ቀላል አይደለም። ግን እኔን የጎዳኝ ያቺ ጥያቄ ነች። እርግጠኛ ነሽ ወይ? ዕቃውን በእጄ ጠቅልዬ፣ በፀሐይ ተሰልፌ፣ ከፍዬ የላክሁ ሰው ነኝ። በአንድ ጥያቄ ግን ከተበዳይነት ወደ ተጠርጣሪነት አዞሩኝ። ከዚያ በኋላ የጻፍኩላቸውን መልእክቶች አሁን ሳነባቸው 11 ናቸው፣ ሁሉም ንዴት ናቸው፣ አንዱም ውስጥ ደረሰኟ የለችበትም። ማስረጃው ስልኬ ውስጥ እያለ እኔ የምልክላቸው ቁጣ ነበር። ለቁጣ ደግሞ መልስ የለም፣ አነበቡት፣ ዝም አሉ።

እማዬ «ልጄ ተዪው፣ እግዜር ይከፍላል» አለችኝ። ይህን የምትለው እኔ እንዳልታመም ብላ ነው፣ ይገባኛል። ግን ስንታችን ነን በዚህ ቃል የተውነው? የጫማ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የልጅ ልብስ፣ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ። አዲስ አበባ እዚህ ጎረቤት አይደለችም፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለ4,200 ብር ሥራ ጥሎ ማን ይሄዳል? ሻጩ ይህን ያውቃል። እኛም ሩቅ ነው ብለን እንተዋለን።

እኔ ግን አልተውኩም። ያደረግሁትን እንዳለ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አንድ ቀን ትፈልጉታላችሁ።

የደረሰኟን ፎቶ አውጥቼ በደንብ አነበብኳት። መጀመሪያ ላይ እንኳን አላየኋትም ነበር ማለት ይቻላል። ቀን አላት፣ የላኪ ስም፣ የተቀባይ ስልክ፣ «1 ካርቶን» የሚል፣ የመኪናው ታርጋ፣ የራሷ ተራ ቁጥር፣ ከታች ደግሞ የአዲስ አበባው ቢሮ ስልክ። ደወልኩ። አንድ ቀን ሙሉ አልተነሳም። በማግስቱ አንዲት ሴት አነሳች። ድምጿ የደከመው ሰው ድምፅ ነው፣ ከኋላዋ ጩኸት አለ፣ ዕቃ ይወርዳል፣ ሰው ይጣራል። ነገርኳት። «የወረቀቱን ቁጥር ንገሪኝ እህቴ» አለች። ገጽ ስትገልጥ ይሰማኛል። ኮምፒውተር አይደለም፣ ደብተር ነው። ያ የወረቀት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወጥቷል፣ ፈርመው ነው የወሰዱት» አለችኝ።

ማን ነው የፈረመው? ስም አለ፣ ስልክም አለ። ስልኩን ስታነብልኝ የሱቁን ቻናል ከፍቼ ነበር። ቻናላቸው ላይ ለትዕዛዝ ከጻፏቸው ሁለት ቁጥሮች አንዱ ነው። ያኔ እጄ ተንቀጠቀጠ። ፎቶ እንድትልክልኝ ለመንኳት፣ በቴሌግራም ላከችልኝ። ይህች ሴት ልታደርገው የማይገባትን ሥራ ነው ያደረገችልኝ፣ ስሟን እንኳን አልነገረችኝም። የትም ሆነሽ ብትሰሚኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለካ ለመናኸሪያ ደብተርም ይሠራል።

ከዚያ አንድ መልእክት ጻፍኩ። አንድ ብቻ። ንዴቴን አውጥቼ ጣልኩት። የከፈልኩበት ቀንና የቴሌብሩ የግብይት ቁጥር፣ ዕቃው አየር እንደሚያስወጣ ያሳየሁበት ቪዲዮ፣ «መልሺልን» ያሉበት ስክሪንሾት፣ የላክሁበት ደረሰኝ፣ የተቀበሉበት ደብተር ፎቶ። በቀን ቅደም ተከተል። መጨረሻ ላይ ሕጉን ጠቀስኩ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለ፣ ዕቃው ጉድለት ካለበት ገዢው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። እኔ ጉድለቱን የነገርኳቸው ዕቃው በደረሰኝ ዕለት ማታ ነው። እነሱ እየጎተቱ ቀኑን ቢያሳልፉትም የእኔ ጥያቄ በጊዜው ነው የቀረበው። ለዚህ ነው በጽሑፍ ጠይቁ የምላችሁ። በስልክ ብናገር ኖሮ ዛሬ በምን አስረዳ ነበር?

ደግሞ «ስክሪንሾት ምን ዋጋ አለው» የሚሉ ሰዎች አሉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አለ። ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ አንድ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ አያጣም። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ቴሌግራም ላይ የሁለት ሰው ንግግር ከሆነ፣ ሌላው ወገን እናንተ የጻፋችሁትንም እሱ የጻፈውንም ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። «መልሺልን» ያሉኝን ቃል ቢያጠፉት ኖሮ አለቀልኝ። ስለዚህ ቃል በተገባላችሁ ደቂቃ ስክሪንሾት አንሱ፣ ነገ ሳይሆን ያኔውኑ።

በሁለት ሰዓት ውስጥ መልስ መጣ። «እናጣራለን»። በማግስቱ ተገኘ አሉ። ተላላኪያቸው ከመናኸሪያ አምጥቶት ኖሯል፣ አዲስ ከመጡ ካርቶኖች ጋር መጋዘን ውስጥ ተቀላቅሏል። ይህንን አምናለሁ። ከጅምሩ ሊበሉኝ አስበው ነው ብዬ አልከሳቸውም። ግን ተመልከቱ፣ ዕቃው እዚያው ጣሪያቸው ሥር እያለ ነው «እርግጠኛ ነሽ ወይ» ያሉኝ። መጋዘናቸውን ከማየት እኔን መጠርጠር ቀለላቸው። የሚያናድደኝ ይኼ ነው፣ አሁንም ሳወራው ያናድደኛል።

የአክስቴ ልጅ ለንደን ነው የምትኖረው። ስነግራት ገረማት። እዚያ ኦንላይን የገዛሽውን በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቤን ቀየርኩ ብለሽ መሰረዝ ትችያለሽ አለችኝ፣ በእነሱ አቆጣጠር በ2013 የወጣ ደንብ ነው። እኔን ያስገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሻጩ ገንዘቡን መመለስ ያለበት ዕቃው ከደረሰው ወይም ገዢው መላኩን የሚያሳይ ማስረጃ ካቀረበ፣ ከሁለቱ ከቀደመው ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ነው። መላክሽን ካሳየሽ በቃ፣ ቀኑ መቁጠር ይጀምራል። ፖስታ ቤቱም የላክሽበትን ማረጋገጫ ወረቀት በነፃ ይሰጣል አለችኝ።

ይህን ስሰማ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እኛ ጋ እኮ የሚያስፈልገው ይቺ ናት። እንዴት መልሺ፣ በማን በኩል ላኪ ያሉት እነሱ ናቸው። በነገሩኝ መንገድ መላኬን ካሳየሁ፣ ከዚያ በኋላ ዕቃው የት ገባ ብሎ መፈለግ የእነሱ ሥራ መሆን አለበት። እኔ ሐዋሳ ቁጭ ብዬ የአዲስ አበባን መጋዘን እንዴት ልፈትሽ? እዚህ ጥሩ ጥሩ ኦንላይን ሱቆች አሉ፣ ደንበኛ ነኝ፣ ባለቤቶቹም ብዙዎቹ የእኔ ዕድሜ ወጣቶች ናቸው። ይህን የምታዳምጡ ሻጮች ካላችሁ እባካችሁ ቻናላችሁ ላይ አንድ መስመር ጻፉ። የመላኪያ ደረሰኝ ላኩልን፣ በዚህን ያህል ቀን ገንዘባችሁን እንመልሳለን በሉ። እኔ እንዲህ ከሚል ሱቅ 200 ብር ጨምሬም እገዛለሁ።

ገንዘቡ በ19ኛው ቀን ገባ። 4,200 ብር። መላኪያውን 150 ብር ግን «አሠራራችን አይደለም» ብለው አልከፈሉኝም። የተበላሸ ዕቃ ልከው የመመለሻውን ወጪ እኔ መሸከሜ ልክ አይደለም፣ ይህንንም ጽፌላቸዋለሁ፣ እየጠበቅሁ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አሳሰበኝ። ደብተሩ ላይ የፈረመው ያ ተላላኪ ልጅ። ፎቶውን ስልክላቸው ስሙ በግልጽ ይታያል። ልጁ ሥራውን ሠርቷል፣ ዕቃውን አምጥቷል፣ መጋዘን አስገብቷል። ከደሞዙ ይቆርጡበት ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ስለዚህ ገንዘቡ በገባ ማታ «ልጁ በትክክል ተቀብሏል፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም» ብዬ ጻፍኩላቸው። «እናውቃለን» አሉኝ። እውነት ይሁን።

ለእማዬ በቀደም እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ሌላ ገዛሁላት። ይዣት ሄድኩ። ፋርማሲስቷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት፣ አምስት ደቂቃ አሳረፈቻት፣ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ በልቧ ትይዩ አድርጋ ለካቻት። ሠራ። ደግማ ለካች፣ ሠራ። ከዚያ በኋላ ነው የከፈልኩት። ደረሰኙን እማዬ ራሷ ተቀብላ፣ አጥፋ፣ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው።