ተዘግቶ የሚከርም ቤት ውሃ

እንደምን ሰነበታችሁ። ጥምቀት አልፎ እንግዶቻችን ወደየሀገራቸው ሲመለሱ አዳማ ላይ ብዙ ቤት ይቆለፋል። አንዳንዱ እስከ ፋሲካ፣ አንዳንዱ እስከ ከርሞ ገና። ዛሬ የማወራው እዚያ ቤት ውስጥ ስለሚቀረው ውሃ ነው።

ሚኒሶታ ወይም ዴንቨር የኖረ ሰው ቤት ሲዘጋ የሚፈራው ብርድን ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ እዚያ ሁሉም ነገር ተሟጦ ይፈሳል፣ ልክም ነው። ይህንኑ ልማድ አዳማ ላይ ሲያደርጉት ግን ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ደህናውን ዕቃ ነው የሚያበላሹት። እዚህ ጠላታችን ሙቀት፣ ንፋስና ትንኝ ነው። አንዳንዱ ዕቃ ባዶ ይሁን፣ አንዳንዱ ግን ውሃ ይዞ ይክረም።

ከቆጣሪው እንጀምር። ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ዋና መዝጊያ ዝጉ፤ ከዚያ ዝቅ ያለውን የግቢ ቧንቧ ከፍታችሁ ግፊቱን አስተንፍሱ። ውሃ ጠፍቶ ሌሊት ሲመጣ በኃይል ነው የሚመጣው። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለችው ተጣጣፊ ሆስ የምትፈነዳው ያኔ ነው፣ ሰው ከሌለ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ይፈሳል። ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ፣ ሮቶው መሙላቱን አረጋግጣችሁ፣ ዋናውን ክፍት ትታችሁ የቆጣሪውን ትንሿን ተሽከርካሪ ለግማሽ ሰዓት ያህል ተመልከቱ። ከዞረች የሆነ ቦታ ይንጠባጠባል ማለት ነው።

ቦይለሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ብሬከሩን አጥፉ፣ ውሃውን ግን አታፍስሱ። ጋኑ ብረት ነው፤ ውስጡ ያለችው የማግኒዚየም ዘንግ እየተበላች ብረቱን ከዝገት የምታድነው ውሃ ውስጥ ሆና ብቻ ነው። ካፈሰሳችሁት ግድግዳው እርጥብ ሆኖ አየር ያገኛል፤ ለዝገት ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ስትመለሱ በቅድሚያ የሙቅ ውሃውን መስመር ከፍታችሁ አሮጌው ውሃ ይውጣ፣ ሳይቆራረጥ ሲፈስ ብቻ ብሬከሩን አብሩ። ባዶ ጋን ላይ ካበራችሁት ማሞቂያው ይቃጠላል። ከዚያ ከ60 ዲግሪ በላይ አሙቁት፤ ለብ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባል፣ ሻወር በሚረጨው ደቃቅ ጠብታ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ሮቶው ተቃራኒው ነው፤ እሱ ይፍሰስ። ለወራት የቆመ ውሃ የትንኝ ማራቢያ ይሆናል። በሀገራችን በ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀብሪደሃር ላይ መጀመሪያ የታየችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ከተማ ውስጥ፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ነው የምትራባው። የታችኛውን ማስወጫ ከፍታችሁ ደለሉን እጠቡ፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ የትርፍ ውሃ መውጫውንና የአየር ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ። ከዚያ እሰሩት! አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ነው፤ ባዶውን ግን ሁለት ሰው ያነሳዋል። ከከተማው ዳር የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። በአናቱ ላይ ሁለት ገመድ አመሳቅላችሁ ከቆመበት ብረት ጋር ጠፍሩት።

አሁን ሁሉም የሚረሳው፣ የወለል ማፍሰሻው። ሥሩ ያለው ሲፎን፣ ማለትም የተጠማዘዘው ቧንቧ፣ ጥቂት ሳንቲሜትር ውሃ ይዞ ነው የፍሳሹን ሽታና በረሮ የሚያግደው። በአዳማ ሙቀት ያ ውሃ በሳምንታት ይደርቃል፣ ቤቱም ይሸታል። ከሁሉ የሚሻለው ቁልፉ ያላት አክስት ወይም ጎረቤት በወር አንዴ እያንዳንዱ ላይ አንድ ጆግ ውሃ እንድታፈስ መለመን ነው። ሰው ከሌለ ከፋርማሲ ፈሳሽ ፓራፊን ገዝታችሁ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ፤ ከላይ ተንሳፍፎ ትነቱን ያዘገየዋል። የምግብ ዘይት ግን ይበላሻል። ሽንት ቤቱም ላይ እንዲሁ፤ የፍላሹ ሳጥን ግን የውሃ መግቢያው ተዘግቶ ይፍሰስ።

ፓምፕ ካላችሁ የታችኛውን ብሎን ፈትታችሁ አፍስሱት። ስትመለሱ ግን ዝም ብላችሁ አታብሩት። ከኋላ ባለው ማራገቢያ በኩል ዘንጉን በእጅ አዙሩ፣ አናቱ ላይ ውሃ ሙሉ፣ ከዚያ አብሩ። እያጉረመረመ ካልዞረ ወዲያው አጥፉ፤ ዝገት ነክሶታል፣ ትንሽ ከቆያችሁ የሞተሩ የሽቦ ጥቅል ይቃጠላል።

የሮቶው መልሶ አጀማመር ቀላል ነው። ሞልታችሁ ለአንድ ሺህ ሊትር አንድ ሊትር በረኪና ጨምሩ፣ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚለውን፣ ሽቶ ያልተጨመረበትን። በየቧንቧው ሽታው እስኪመጣ ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ሌሊቱን ይደር። ማንም እንዳይጠጣው ለቤተሰብ ተናገሩ። ጠዋት ሁሉንም አፍስሱትና እንደገና ሙሉ። ከቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ትንሿን ወንፊት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ፍቱ፤ የተነቀለው ዝገትና ኖራ እዚያ ነው የሚከማቸው። አቼቶ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ዘፍዝፋችሁ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እሹት፣ መጨረሻ ላይ መልሱት።