«ደህና ነኝ» ያለው ማሽን

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም የምቀዳው ከደሴ ነው። መስኮቱን ከፍቼዋለሁ፣ ጦሳ ከፊቴ ነው። የባጃጅ ድምፅ ከገባባችሁ ታገሡኝ።

የማወራችሁ ስለ ሎድ ባላንሰር ነው። ሙያችሁ ባይሆንም አትሂዱብኝ። አምና መስከረም ላይ የሆነ ነገር ነው፤ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም።

የአውቶቡስ ትኬት በስልክ የሚቆረጥበት ሲስተም ላይ እሠራለሁ። ዓመቱን ሙሉ ሥራው ረጋ ያለ ነው። ግሸን ማርያም ስትቃረብ ግን ሌላ ነው። መስከረም 21ን ግሸን ለማክበር ከየአገሩ ሰው ይነሳል። ያ ሁሉ ሰው ትኬት የሚፈልገው በሦስት አራት ቀን ውስጥ ነው። አንድ ሰርቨር አይችለውም። ስለዚህ ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በምንከራየው ኮምፒውተር ላይ፣ ሁለት ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ሰርቨር) አቆምን፣ ከፊታቸው ሎድ ባላንሰር አደረግን።

የሰርግ ዳስ በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚያስገባውን ሰው አስቡት። «እናንተ በዚህ፣ እናንተ በዚያ» ይላል። ሎድ ባላንሰር እሱ ነው። ሕዝቡ የሚያውቀው የእሱን አድራሻ ብቻ ነው። ከኋላ ያሉት ማሽኖች ከውጭ ባይታዩ ይመረጣል። ጥያቄው በ443 ፖርት፣ ማለትም ለተመሰጠረ ግንኙነት በተመደበው የበር ቁጥር፣ ይገባል፣ ምስጠራው እዚያው ይፈታል፣ ከዚያ ለአንዱ ማሽን ይተላለፋል። ለየትኛው? ተራ በተራ ማደል ይቻላል። እኛ የመረጥነው ግን በዚያች ቅጽበት ሥራ ያነሰበት እንዲቀበል ነው። ይቺን ያዙልኝ።

ሎድ ባላንሰሩ በየጥቂት ሰከንዱ እያንዳንዱን ማሽን «አለህ ወይ?» ይለዋል። ሄልዝ ቼክ የሚባለው ይሄ ነው። ካልመለሰ ከተራ ያወጣዋል። የእኛ ጥያቄ በጣም ቀላል ነበር። ፖርቱ ክፍት ነው? ክፍት ከሆነ ደህና ነው።

መስከረም 18 ማታ ሁለቱ ማሽኖች መጨናነቅ ጀመሩ። ሦስተኛ አስነሳሁና ከሎድ ባላንሰሩ ጋር አያያዝኩት። አረንጓዴ አበራ። እፎይ ብዬ ሻይ አፈላሁ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ አላቆም አለ። አንዷ እናት ድምፃቸው አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። «ልጄ፣ ብሩ ተቆርጧል፣ ትኬቱ ግን የለም። የስለት መንገድ ነው እኮ» አሉኝ። «እማማ፣ አያስቡ፣ ገንዘብዎ አይጠፋም» አልኳቸው። እንዴት እንደማይጠፋ ግን እኔም አላወቅኩም።

ሰሌዳውን አየሁ። ሦስቱም አረንጓዴ። ሦስቱም ደህና። ቢቸግረኝ የየማሽኑን ሎግ፣ የሠራውን የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ለየብቻ ከፈትኩ። ሁለቱ ለአንድ ጥያቄ ከ200 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስድባቸዋል፤ መንገደኛውን ይፈልጋሉ፣ ወንበሩን ይይዛሉ። ሦስተኛው በ3 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። በ3! መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ መልሶቹን አነበብኩ። 500፣ 500፣ 500። ሁሉም ስህተት።

ዳታቤዙ፣ መረጃው ሁሉ የተቀመጠበት ቋት፣ ከማን ጋር እንደሚነጋገር የተጻፈበት ዝርዝር አለ። የሦስተኛው ማሽን አድራሻ እዚያ ላይ አልተጻፈም። እኔ ነኝ የረሳሁት። ማሽኑ ዳታቤዙን ሲያንኳኳ ወዲያው ይመለሳል፣ ለደንበኛውም ወዲያው ስህተት ይሰጣል። ፖርቱ ግን ክፍት ነው፤ «አለህ?» ሲባል «አለሁ» ይላል።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። ሥራ ያነሰበት ይቀበል ብለን የለ? ምንም የማይሠራ ማሽን ሁልጊዜ ሥራ ያነሰበት ነው። ስህተቱን ወርውሮ ባዶ እጁን ይቆማል፣ ሎድ ባላንሰሩም «ይሄ ፈታ ብሏል» ብሎ ሌላ ሰው ይልክለታል። ከሦስት አንዱ ሰው ብቻ አይደለም የተጎዳው፤ አብዛኛው ወደ እሱ ይሄድ ነበር። የክፍያ ማረጋገጫውም የሚመጣው በዚያው በር ነው። እሱ እጅ ሲገባ የሚመዘግበው የለም። የእማማ ብር የቀረው እዚያ ነው።

ሦስተኛውን አወጣሁት። ስልኩ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ክፍያዎቹን ከመዝገብ ጋር አንድ በአንድ ሳስተያይ ነጋ። እማማን ጠዋት ደወልኩላቸውና የወንበር ቁጥራቸውን ነገርኳቸው። መረቁኝ። ምርቃቱ የሚገባኝ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ማታ እናቴ ከሐይቅ ደወለች። ሁልጊዜ ማታ ማታ ትደውላለች። «ደህና ነህ?» አለች። «አልሐምዱሊላህ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ «ምሳ ምን በላህ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከትናንት ማታ ጀምሮ ከሻይ በቀር አልቀመስኩም። «አብሽር ልጄ፣ ተነስና ብላ» አለች። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆየሁ። እሷ «ደህና ነኝ» ስላልኳት ብቻ አላመነችኝም። እኔ ግን ማሽኑን አምኜው ነበር።

ታዲያ ጥያቄውን ማክበድ ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ይቺ ላይ ብዙ ሰው ሲሳሳት አይቻለሁ። በየአሥር ሰከንዱ «ዳታቤዙ ይሠራል?» ብትል፣ ዳታቤዙ ለአፍታ የተንገዳገደ ቀን ሁሉም ማሽኖች አንድ ላይ «አይሠራም» ይላሉ። ሎድ ባላንሰሩ ጤነኛ የሚለው አንድ እንኳ አይቀርለትም።

እኛ ሁለት ጥያቄ አደረግነው። አዲስ ማሽን ከዳታቤዙ አንድ መስመር እስኪያነብ ድረስ «ዝግጁ ነኝ» አይልም። ከገባ በኋላ ግን የሚጠየቀው የራሱን ጉዳይ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ይመልሳል ወይ፣ ዲስኩ ሞልቷል ወይ። ስህተት የሚያበዛውን ማሽን ደግሞ ለየብቻ ቆጥሮ የሚነግረን ማንቂያ አለን። የሚወጣ ማሽንም በአንዴ አይቆረጥም፣ የጀመረውን እንዲጨርስ ጊዜ ይሰጠዋል።

ትናንት ማታ ለዘንድሮው ግሸን እየተዘጋጀሁ አዲስ ማሽን አስነሳሁ። ሆን ብዬ አድራሻውን ከዳታቤዙ ዝርዝር ላይ አላስገባሁትም። ፖርቱ ክፍት ነው። ሰሌዳው ቀይ አሳየ። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ፤ ቀይ እንደሆነ ቀረ፣ አንድም መንገደኛ ወደ እሱ አልተላከም። ከዚያ አድራሻውን ጻፍኩለት። በአሥር አሥር ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፣ ሦስቱንም መለሰ፣ አረንጓዴ ሆነ። የመጀመሪያው ጥያቄ 214 ሚሊሰከንድ ወሰደበት።