ፍሬው ሳይሆን ማደሪያው፦ ስለ እንጉዳይ ጥበቃ

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ ቡና አምራቾች፤

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ባወጣው መረጃ፣ የዝርያዎችን የመጥፋት አደጋ በሚመዝንበት ቀይ መዝገቡ የተመዘኑት የፈንገስ ዝርያዎች 1,300 ደርሰዋል። ከነዚህ ቢያንስ 411ዱ የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል። ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ግን 155,000 ገደማ ናቸው፤ ገና ምኑ ተነካ!

ጥበቃ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መልቀምን መከልከል ነው። በስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለ29 ዓመታት የተካሄደ ጥናት ይህን አይደግፍም። በቢላ ቢቆረጥም ተነቅሎ ቢወጣም ቀጣዩ ምርት አልቀነሰም፤ የቀነሰው መሬቱ ሲረጋገጥ ነው። የምንለቅመው እንጉዳይ የፈንገሱ ፍሬ ነው፤ የፈንገሱ አካል በአፈርና በግንድ ውስጥ የተዘረጋው ቀጭን ክር ነው።

ስለዚህ የሚጠበቀው ማደሪያው ነው። የምስጥ እንጉዳይን ምስጦቹ ራሳቸው በኩይሳው ውስጥ፣ ማር እንጀራ በመሰለ አልጋ ላይ ያለሙታል። ኩይሳው ተንዶ መድኃኒት ከፈሰሰበት እንጉዳዩም አብሮ ይጠፋል። ከቡናና ከዋንዛ ሥር ገብተው ፎስፈረስ የሚያቀብሉት ፈንገሶች ደግሞ ዓይን የሚያየው ፍሬ ስለማያወጡ ማንም አያስታውሳቸውም፤ አፈሩ በተገለበጠ ቁጥር ክራቸው ይበጣጠሳል። የወደቀ ግንድም ሁሉ ለማገዶ አይጠረግ። ቡና አድርቅ በሽታ የገደለው ግንድ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱም የፈንገስ ሥራ ስለሆነ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ይቃጠል።

ተማሪዎች፣ ያለ ናሙና ምዘና የለም። በመጀመሪያ እንጉዳዩን በበቀለበት ከላይም ከታችም ፎቶ አንሱት። ከዚያ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነእግሩ አውጡት፤ መርዛማ ዝርያዎችን የሚያሳውቀው ከረጢት እግሩ ሥር ስለሆነ በቢላ ከቆረጣችሁት መሬት ውስጥ ይቀራል። ፌስታል ውስጥ ከገባ ላብ አውጥቶ በሰዓታት ይበሰብሳል፤ ወረቀት ተጠቀሙ። አንዱን ቆብ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ደፍታችሁ፣ ብርጭቆ ከድናችሁ አሳድሩት፤ እንደ ዘር የሚያገለግለው ደቃቅ ዱቄት፣ የስፖሩ ቀለም ይታተማል። የቀረውን 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሞቃት አየር፣ ሲሰበር ቀጭ እስኪል አድርቁት። ምድጃ ላይ ከሰቀላችሁት ይበስላል፤ ዘረ መሉም ይጎዳል። በጅማ ክረምት የደረቀው ተመልሶ ስለሚርስ ወዲያው አየር በማያስገባ ዕቃ ይታሸግ።

ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ ከፍታውንና በምን ላይ እንደበቀለ ዕለቱን ጻፉ። «ከጅማ» ብቻ የሚል ናሙና ቦታው ተመልሶ ስለማይገኝ ለምዘና አይውልም።

እናመሰግናለን።