ዚፕ ስትፈቱ ፋይሉ የት ነው የሚሄደው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከጎንደር ነው፣ ከኋላ ጥሩምባ ከሰማችሁ የባጃጅ ነው፣ ችላ በሉት።

ዛሬ ዚፕ ነው የምናወራው። ያ በቴሌግራም "ሙሉ ኖት ከነፈተናው" ብለው የሚልኩላችሁ ዚፕ፣ ራር፣ ታር ምናምን፣ ብዙ ፋይል አንድ ላይ የታሸገበት አርካይቭ ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ውስጡ ያለውን ፋይል መክፈት ነው። እኔ የማወራው ግን ከሱ በፊት ስላለው ነው፣ ገና ኤክስትራክት ብላችሁ ስትፈቱት ስለሚሆነው።

እስቲ ከአራዳ ወደ ማራኪ ቤት እየቀየራችሁ ነው በሉ። ጫኝና አውራጅ ጠራችሁ፣ ዋጋውን አታንሱብኝ፣ እሱ ለብቻው ቪዲዮ ይወጣዋል። ካርቶኖቹ ላይ በማርከር ተጽፏል፣ ኩሽና፣ ሳሎን፣ መኝታ ቤት። ልጁ ያነባል ያስቀምጣል፣ ያነባል ያስቀምጣል። አንዱ ካርቶን ላይ ግን የሆነ ተንኮለኛ "ከክፍሉ ውጣ፣ ከቤቱም ውጣ፣ ከግቢውም ውጣ፣ ጎረቤት ጓዳ ግባና አስቀምጥ" ብሎ ጽፎበታል። ልጁስ? ያነባል ያስቀምጣል! የኛ ሰፈር ጫኝና አውራጅ ቢሆን እኮ ከግቢው ሳይወጣ ጭማሪ ብር ይጠይቅና ትነቁ ነበር። ሶፍትዌሩ አይጠይቅም። አይጠይቅም በቃ።

ቴክኒካሉን ቶሎ ልበለው፣ ፎልደርና ፓዝ ታውቃላችሁ ብዬ ነው። አርካይቩ ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል ስም አለው፣ ስሙ ላይ ነጥብ ነጥብ ስላሽ ካለ አንድ ፎልደር ወደ ላይ ውጣ ማለት ነው፣ እሱን ሲደጋግሙት ከዳውንሎድስ ወጥቶ የዊንዶውስ ስታርትአፕ ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስትመለሱ ራሱ ይነሳል፣ እናንተ ምንም አልከፈታችሁም። ኮድ የምትጽፉ፣ መጀመሪያ ሙሉ አድራሻውን አውጡ፣ ከመድረሻው ፎልደር ውጪ ከሆነ አትጻፉ። ግን "በዚህ ስም ይጀምራል ወይ" ብቻ ብላችሁ እንዳታዩ፣ ፎልደራችሁ "ኖት" ከሆነ "ኖት2" የሚባለውም በ"ኖት" ይጀምራላ! መጨረሻው ላይ ስላሽ ጨምሩበት። ነጥቦቹን መሰረዝም አይበቃም፣ ሲምሊንክ፣ ማለት ወደ ሌላ ፎልደር የሚጠቁም አቋራጭ፣ ያለ ነጥብ ይወጣል።

አሁን ወደ ኮሜንት። ባለፈው ስለ ዚፕ ሳወራ "ወንድሜ ፓስወርድ ያለው ዚፕ ሴፍ ነው" ያላችሁኝ ብዛታችሁ! እንዴት ነው ሴፍ የሚሆነው? ፓስወርዱን ያስገባው ማን ነው፣ ላኪው አይደለም? ቁልፉን ሌባው ራሱ ሰጥቷችሁ ቤቱ ተቆልፏል ትላላችሁ እንዴ። ይባስ ብሎ ፓስወርድ ስላለው አንቲቫይረሱ ውስጡን ማየት አይችልም፣ ለዛ እኮ ነው አጭበርባሪ የሚወደው። ደግሞ በተለመደው ዚፕ ፓስወርዱ ይዘቱን እንጂ የፋይሎቹን ስም አይደብቅም፣ ፓስወርድ ሳታስገቡም ስሞቹ ይታያሉ። እዩዋቸው እንግዲህ! ነጥብ ነጥብ የበዛበት ስም ካያችሁ ዴሊት። ይሄን እየተነታረክን ሰዓቱ ሄደ፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ እንጂ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። 2018 ላይ ስናይክ የሚባል የሴኩሪቲ ድርጅት ይሄንኑ ቀዳዳ ዚፕ ስሊፕ ብሎ ሲያወጣው ስንት ትልልቅ ፕሮጀክት ላይ ተገኘ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ታር የሚፈታው ታርፋይል ላይ ያለው ደግሞ 2007 ላይ ተመዝግቦ ሲያበቃ 2022 ላይ እንደገና መነጋገሪያ ሆነ፣ ይሄ ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ራር የሚፈታው ፕሮግራም ዊንራርም 2019 ላይ ከ19 ዓመት በላይ የቆየ ቀዳዳ ተገኘበት፣ 2025 ላይ ሌላ፣ እሱን ደግሞ ኢሴት የሚባለው የሴኩሪቲ ድርጅት ሲያገኘው አጥቂዎች እየተጠቀሙበት ነበር።

ስለዚህ አሁኑኑ ዊንራር ክፈቱ፣ ሄልፕ፣ አባውት፣ ከ7.13 በታች ከሆነ ቀይሩት፣ ራሱን አፕዴት አያደርግም። ከራሱ ሳይት አውርዱ ደግሞ፣ ቴሌግራም ላይ "ዊንራር ክራክድ" የሚለውን አደራ። የ40 ቀን የነጻ ሙከራችሁ አልቋል እያለ ዘላለም የሚሰራ ሶፍትዌር ምን ክራክ ያስፈልገዋል?