የርካሹ ቤት ትክክለኛ ዋጋ፦ ተመላላሽ ሠራተኛ ላለው ቤተሰብ የከተማ ዳርቻ መኖሪያ አመራረጥ

[በምስሉ፦ ሁለት የኪራይ ማስታወቂያዎች ጎን ለጎን ይታያሉ]

ተራኪ፦ የእነዚህ ሁለት ቤቶች የክፍል ብዛት እኩል ነው፤ ስፋታቸውም ተቀራራቢ ነው። አንደኛው ከመሀል ከተማ የግማሽ ሰዓት መንገድ በምትርቅ አነስተኛ ከተማ ውስጥ ሲገኝ፣ ሁለተኛው የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ ሌላ ከተማ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ይረክሳል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በየቀኑ መሀል ከተማ ወዳለ መሥሪያ ቤት የሚመላለስ ከሆነ ግን፣ ርካሽ የተባለው ቤት በእርግጥ ርካሽ መሆን አለመሆኑን ማስታወቂያው አይነግረንም።

ከመሀል ከተማ በተራቀ ቁጥር የቤት ዋጋ የሚቀንሰው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። ጀርመናዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ዮሐን ሃይንሪሽ ፎን ቲውነን የእርሻ መሬት ኪራይ ከገበያ እየራቀ ሲሄድ በማጓጓዣ ወጪው ምክንያት እንደሚያንስ እ.ኤ.አ. በ1826 አሳይቶ ነበር፤ አሜሪካዊው የከተማ ኢኮኖሚ ተመራማሪ ዊሊያም አሎንሶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ተመሳሳዩን ሐሳብ ለከተማ መኖሪያ ተጠቀመበት። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት የሩቁ ከተማ ቅናሽ የቤት ሻጭ ወይም አከራይ ቸርነት ሳይሆን፣ ለሚመላለሰው ሰው ድካምና ወጪ የሚሰጥ ካሳ ነው። ታዲያ ካሳው ይበቃል? ብሩኖ ፍሬይ እና አሎይስ ስቱትዘር የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የጀርመን ቤተሰቦችን ለዓመታት የተከታተለ መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። የቤቱ ቅናሽም ሆነ የደመወዙ ብልጫ የመንገዱን ድካም ሙሉ በሙሉ አልካሰውም ማለት ነው። ቤት የሚመርጥ ሰው ክፍሎቹን እየዞረ በዓይኑ ያያቸዋል፤ መንገዱን ግን በሐሳቡ ብቻ ስለሚያልፈው አሳጥሮ ይገምተዋል።

[በምስሉ፦ ለእያንዳንዱ ቤት የቤትና የመጓጓዣ ወጪ ዓምድ]

ከገንዘቡ እንጀምር። በብዙ አገሮች የተለመደው መለኪያ፣ የቤት ወጪ ከቤተሰቡ ገቢ ከ30 በመቶ መብለጥ የለበትም የሚለው ነው። መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገው የሰፈር ቴክኖሎጂ ማዕከል የተባለ ድርጅት ይህ መለኪያ ጎደሎ መሆኑን ተገንዝቦ፣ ቤትና መጓጓዣ ተደምረው ከገቢው 45 በመቶ ባይበልጡ ይሻላል የሚል ሌላ መለኪያ አቅርቧል። ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። ቅርቡ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ ቤቱ ከገቢው 33 በመቶ፣ መጓጓዣው 8 በመቶ ይወስዳል እንበል፤ ድምሩ 41 ነው። በሩቁ ከተማ ቤቱ 24 በመቶ ብቻ ይወስዳል፤ ሆኖም ለሠራተኛው አንድ፣ ልጆችን ለማመላለስ ደግሞ ሌላ መኪና ስለሚያስፈልግ መጓጓዣው 22 በመቶ ደርሶ ድምሩ 46 ይሆናል። በመጀመሪያው መለኪያ የሚወድቀው ቤት በሁለተኛው ያልፋል፤ ያለፈው ደግሞ ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ ሚዛኑን የሚገለብጠው ነዳጁ ሳይሆን ሁለተኛው መኪና ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ከተማ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት፣ እዚያ በአንድ መኪና ወይም ያለ መኪና መኖር ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

ጊዜውም እንደ ገንዘቡ ሊሰላ ይገባዋል። በሩቁ ከተማ መኖር በመሄጃው 30፣ በመመለሻውም 30 ደቂቃ ይጨምራል። ሠራተኛው በዓመት 220 ቀን ቢመላለስ ጭማሪው 220 ሰዓት ነው፤ ይህም ስምንት ስምንት ሰዓት ከሚሠራባቸው 27 የሥራ ቀናት ይበልጣል። ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቼዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ሰዎች በተለያየ ዘመንና ቦታ ለዕለት ጉዞ የሚያውሉት ጊዜ በአማካይ በአንድ ሰዓት አካባቢ እንደሚያንዣብብ ጠቁሟል። አማካይ ስለሆነ ለማንም ሕግ አይሆንም፤ ነገር ግን ደርሶ መልሱ ከዚያ እጅግ ከበለጠ፣ ትርፉ ሰዓት ከእንቅልፍ ነው ወይስ ከልጆች ጋር ከሚያልፈው ምሽት የሚቀነሰው ብሎ አስቀድሞ መነጋገር ይበጃል።

[በምስሉ፦ የምሽት ሰዓት የሚያሳይ የባቡር ጣቢያ]

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ብዙ ቤተሰቦች ከተማ ሲመርጡ የሚለኩት የጠዋቱን ጉዞ ነው። በእኛ ግምት መለካት ያለበት የማታው ነው፤ ከማታዎቹም የከፋው። ሠራተኛው ከቢሮ የሚወጣው 11 ሰዓት ላይ ነው፤ መዋለ ሕፃናቱ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ጉዞው ከበር እስከ በር 50 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በወረቀት ላይ 10 ደቂቃ ይተርፋል። ስብሰባ በ5 ደቂቃ በተራዘመበትና ባቡሩ በ7 ደቂቃ በዘገየበት ምሽት ግን ልጁን የሚያወጣው ማን ነው? የትራፊክ ባለሙያዎች አስተማማኝ ጉዞን ሲያቅዱ በአማካዩ አይመኩም፤ ከ20 ቀናት በ19ኙ በሰዓቱ የሚያደርሰውን የጊዜ መጠን ይወስዳሉ። ቤተሰብም ይህንኑ ቢያደርግ፣ በአማካይ 50 ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ 75 ደቂቃ ሊያዝለት የሚገባ መሆኑን ሊያገኝ ይችላል። በዚህ መለኪያ ሁለት መውጫ መንገድ ያለው ከተማ፣ ወይም ባቡሩ ሲቋረጥ አውቶቡስ የሚገኝበት ከተማ፣ በአንድ ድልድይ ብቻ ከሚገናኝ ቅርብ ከተማ ሊበልጥ ይችላል።

የሕዝብ ትራንስፖርትን በተመለከተ፣ ከፍጥነቱ ይልቅ ድግግሞሹ ይታይ። በየ10 ደቂቃው የሚመጣን አውቶቡስ ሰዓት ሳያዩ ወጥተው ቢጠብቁት በአማካይ 5 ደቂቃ ያስቆማል፤ በየ40 ደቂቃው የሚመጣው ግን በአንድ ደቂቃ ካመለጠ 39 ደቂቃ ያስቀምጣል። ሰዎች የጥበቃን ደቂቃ ከጉዞው ደቂቃ እጥፍ ያህል አክብደው እንደሚያዩት የትራንስፖርት ዕቅድ ባለሙያዎች በስሌታቸው ይይዙታል። መሀል ላይ መቀየር ካለ ደግሞ የመጀመሪያው መዘግየት ሁለተኛውን ያሳጣል። ብዙ ጊዜ የማይታሰብ አንድ ነገር እንጨምር፦ ባቡሩ ከሚነሳበት የመጀመሪያ ጣቢያ አጠገብ የሚኖር ሰው ወንበር ያገኛል። አርባ ደቂቃ ተቀምጦ ማንበብ ወይም ማሸለብ፣ ሠላሳ ደቂቃ ተጣቦ ከመቆም ይሻላል።

ከተማው የሚመረጠው ግን ለሚመላለሰው ሰው ብቻ አይደለም። እርሱ ቀኑን ሙሉ ሌላ ቦታ ይውላል፤ ከተማው ውስጥ የሚውሉት ሌሎቹ ናቸው። ትምህርት ቤቱ በእግር ይደረሳል? ሕፃን ያተኮሰው ዕለት ሐኪም ያለው የት ነው? ሁለተኛው ወላጅ ሥራ ቢፈልግ በአካባቢው ያገኛል ወይስ እርሱም ተመላላሽ ይሆናል? በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ሁለቱም ወላጆች ሩቅ ከዋሉ ከትምህርት ቤት ሲደወል ቶሎ መድረስ የሚችል ሰው አይኖርም።

ደላላና ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚያነሱት ተስፋ አለ፦ መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ባቡሩ ሊገባ ነው። ላልተሠራ ነገር ዛሬ ዋጋ መክፈል አይገባም። ቢሠራም እንኳ ጥንቃቄ ያሻል፤ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ጊልስ ዱራንቶን እና ማቲው ተርነር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ከተሞች አውራ ጎዳና ሲጨመር በዚያ ላይ የሚነዳው የተሽከርካሪ ጉዞም በዚያው ልክ እንደሚጨምር አሳይተዋል። የሰፋው መንገድ መልሶ ይሞላል።

[በምስሉ፦ በዝናብ ውስጥ የቆመ የመኪና ሰልፍ]

ስለዚህ ከተማውን እሑድ ረፋድ ላይ ጎብኝቶ መወሰን አያዋጣም። ሠራተኛው በሥራ ቀን፣ ቢቻል ዝናብ በሚጥልበት፣ በመውጫ ሰዓት ከመሥሪያ ቤቱ ተነስቶ እስከ ቤቱ ደጃፍ ይጓዝ፤ መኪና ማቆሚያ የፈለገበትንና ከጣቢያው በእግሩ የሄደበትን ጊዜ ጭምር ይመዝግብ። ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብም አቅሙ ከፈቀደ በመጀመሪያ በዚያው ከተማ ተከራይቶ ለጥቂት ወራት ይቀመጥ። የኪራይ ውሉ ሲፈረምም የሚያበቃበት ጊዜ ከትምህርት ዘመኑ መዝጊያ ጋር እንዲገጥም ቢደረግ፣ ከተማው ካልተስማማ የልጆቹን ትምህርት በዓመቱ መሀል ሳያቋርጡ መልቀቅ ይቻላል።