ሞንስቴራ በጎንደር ብርድ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም ብቻዬን ነኝ፣ ስለ ሞንስቴራ ነው የማወራው፣ ያ ትልልቅ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀው፣ በየካፌው የምታዩት። "በሳምንት ስንቴ ላጠጣው?" የሚል ጥያቄ በጣም ይመጣልኛል፣ እና እኔ ቁጥር መናገር አልወድም፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር አብዛኛው ማሞቂያ ላለው ቤት የተጻፈ ነው፣ ለጎንደር ቤት አይሰራም።

አገሩ ከደቡብ ሜክሲኮ ጀምሮ ወደ መካከለኛው አሜሪካ ያለው ጫካ ነው። ሙቀት አለ፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ትልልቅ ዛፍ ስር ይበቅልና ግንዱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። እኛም እኮ ትሮፒክ ውስጥ ነን፣ ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ናት፣ ብርሃን በሽ ነው፣ ግን ከ2,100 ሜትር በላይ ነው የተቀመጥነው፣ ስለዚህ ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች ማታ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፣ ክረምቱ ካለፈ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው።

ህዳርና ታህሳስን ውሰዱ። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ይሆንና ይደርቃል፣ ሰው ውሃ ጠማው ይልና ያጠጣዋል፣ በማግስቱም ያጠጣዋል። ጫፉን ያደረቀው ግን አየሩ ነው፣ አፈሩማ ከስር ርሷል፣ ተክሉ ደግሞ ሲበርደው እድገቱን ስለሚቀንስ ያን ሁሉ ውሃ አይጠጣውም፣ ስሩ እዛው ጭቃ ውስጥ ይበሰብሳል። ከዛ የታች ቅጠሎች ቢጫ መሆን ይጀምራሉ፣ ቢጫ ሲታይ ደግሞ እንደገና ውሃ። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ሰው እየወደደው እኮ ነው የሚገድለው።

ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቱት። ከደረቀ ውሃው ከስር እስኪወጣ አጠጡት፣ አፈሩ ጣታችሁን ካቀዘቀዘውና ከተጣበቀበት ተዉት፣ በቃ። መረሬ አፈር ብቻውን አይሆንም፣ ሲረጥብ ይጣበቃል ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እኔ ኮምፖስት፣ አሸዋና ደቀቅ ያለ ከሰል ነው የማቀላቅለው፣ አመዱን ሳይሆን ከሰሉን፣ እና የቀለም ባልዲ በጋለ ሚስማር ከስር በስቼ እዛ እተክላለሁ። ቀዳዳ የሌለው ውድ ማሰሮ ከምትገዙ የተበሳ ባልዲ ይሻላችኋል።

ፀሐይን በተመለከተ፣ ይሄን ማውራት ደስ ይለኛል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ እኛ ጋ ወደ ሰሜን ነው የምታዘነብለው፣ በሌላው ጊዜ ወደ ደቡብ። ስለዚህ ታህሳስ ላይ ደቡብ መስኮት የተጠጋ ተክል ቅጠሉ ይቃጠላል፣ ግንቦት ላይ ደግሞ ምንም አይገባበትም ያላችሁት የሰሜን መስኮት ፀሐይ ይገባበታል። ስስ መጋረጃ ይበቃል። ይሄ ተክል ቤት ከገባ ወዲህ ፀሐይ በየትኛው ወር የትኛው ወንበር ላይ እንደምታርፍ አውቃለሁ፣ እዛው ቤት አድጌ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። እናቴ ደግሞ ማታ መብራት ስታበራ ባልዲውን ከመስታወቱ ታርቀዋለች፣ ማንም አልነገራትም፣ "ብርድ ይመታዋል" ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ እድገቱ ቀጥ ይላል።

አንዲት ትልቅ ሴት ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው "ልጄ፣ ይሄን ቅጠል ምን በላብሽ?" አሉኝ። ምንም አልበላውም። ልጅ ሳለ ቅጠሉ ድፍን ነው፣ ሲያድግና ብርሃን ሲያገኝ ነው የሚሰነጠቀው፣ ትልቅ ሆኖም አዲሱ ቅጠል ድፍን ከመጣ ብርሃን አንሶታል ማለት ነው። ድጋፍም ይፈልጋል። ጥምቀተ ባህሩ ጋ የፋሲልን ግንብ አቅፈው የያዙትን የዛፍ ስሮች አይታችኋል አይደል፣ ሞንስቴራም ከግንዱ የሚያወጣቸው ስሮች እንደዛ የሚይዙት ነገር ይፈልጋሉ፣ እባካችሁ አትቁረጧቸው። ወፈር ያለ እንጨት በጆንያ ጠቅልላችሁ አጠገቡ ትከሉለት፣ ጆንያውን አልፎ አልፎ አርጥቡት፣ ስሩ ራሱ ሄዶ ይይዘዋል።

በበጋ አቧራ ስለሚበዛ ቅጠሉን ከላይም ከስርም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ዘይት ምናምን አትቀቡት። እና ዳዴ የሚል ልጅ ወይ ድመት ካለ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ውስጡ ካልሲየም ኦግዛሌት የሚባል ሹል ክሪስታል አለው፣ ካኘኩት አፍና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል።

ቁራጭ የጠየቃችሁኝ ልጆች፣ ብርዱ ይለፍ፣ መጋቢት ላይ እቆርጥላችኋለሁ። ከሌላ ሰው የምትወስዱ ከሆነ አንጓ፣ ማለትም ግንዱ ላይ ቅጠል የሚወጣበት ቦታ፣ ያለበት መሆኑን አይታችሁ ውሰዱ፣ አንጓ የሌለው ቅጠል ውሃ ውስጥ ለብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል ግን አዲስ ቅጠል አያወጣም። ጎንደር ያላችሁ ጻፉልኝ፣ ባልዲ ይዛችሁ ኑ።